የካውቦይና የፈረስ አሮጌ የብረት ምስሎች ንጽጽር፦ ነሐስ፣ ስፔልተር፣ ካስት አይረን፣ እርሳስ ወይስ ፒውተር?

በአሜሪካ ምዕራብ ሕይወት ላይ የተሠሩ አሮጌ ትንንሽ ምስሎች መደርደሪያ ላይ ተሰልፈው ሲታዩ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም ከበድ ያሉ፣ ሁሉም «ነሐስ» ይመስላሉ። የሚዘል ፈረስ ላይ የተቀመጠ ካውቦይም ሆነ ጦር የያዘ የቀደምት ሕዝቦች ተዋጊ ወይም ጎሽ፣ ሻጩ ወረቀቱ ላይ የሚጽፍለት ያንኑ ቃል ነው። ቁመታቸውና ቀለማቸው አንድ ከሆነ ሁለት ምስሎች ግን አንዱ 30 ዶላር፣ ሌላው 3,000 ዶላር ሊያወጣ ይችላል። ዴንቨር፣ ዳላስ ወይም ላስ ቬጋስ የምትኖሩና ቅዳሜ ጠዋት የቤት ዕቃ ጠቅላላ ሽያጭ የምትዞሩ ሰዎች እነዚህን ምስሎች በየደጁ ታገኛላችሁ፤ አገሩ የራሳቸው ነውና።

ገዢ በብዛት የሚሳሳተው በአንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው ፊርማውን ነው። ፊርማ ግን ከማስረጃዎች ሁሉ ደካማው ነው፤ ከአንድ ምስል ላይ ፎርማ የወሰደ ሰው ፊርማውንም አብሮ ይወስዳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከምን እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተቀለጠና እንደፈሰሰ፣ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ በመጨረሻም የማን ሥራ እንደሆነ ማየት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከምን እንደተሠራ መለየት

ትንሽ ግን ጠንካራ ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ ወደ ምስሉ አካል አስጠጉ። ከሳበ ካስት አይረን (ቀልጦ በፎርማ የፈሰሰ ተራ ብረት) ነው። ነሐስ፣ ዚንክ፣ እርሳስ፣ ፒውተር (አብዛኛው ቲን የሆነ ለስላሳ ቅይጥ) እና አሉሚኒየም አይስቡም። ማግኔቱን ከመቆሚያው አጠገብ አትሞክሩት፤ ምስሉን ከእብነ በረድ ወይም ከእንጨት ጋር ያሰረው ብሎን ብረት ስለሆነ ያሳስታችኋል።

ቀጥሎ በእርሳስ መጻፊያ ጀርባ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉት። ነሐስ ይጮኻል፣ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። በገበያ «ስፔልተር» ወይም «ፖት ሜታል» የሚባለው የዚንክ ቅይጥ ግን ድምፁ ድፍን ነው፣ ወዲያው ይሞታል። ምስሉ በእንጨት መቆሚያ ላይ ከተጣበቀ ይህ ፈተና አይሠራም።

ከዚያ ገልብጡት። ከሥር የተለጠፈ ጨርቅ ካለ በባለቤቱ ፈቃድ ከጠርዙ ትንሽ ገለጥ አድርጉ። የስፔልተር ውስጥ ብርማ ግራጫና ሞገድ ያለው ልስልስ ነው። ምክንያቱም የቀለጠው ዚንክ ከብረት በተሠራ ፎርማ ውስጥ ፈስሶ፣ ዳር ዳሩ እንደጠነከረ የቀረው ይገለበጣል፤ ስስ ቅርፊት ብቻ ይቀራል። የነሐስ ውስጥ ግን ጥቁር ወይም ቢጫ ቡናማ ነው፤ በጥጋ ጥጉ የተጋገረ አሸዋና ሸክላ መሰል ቅሪት ይገኝበታል፣ አንዳንዴም የሰም ጠብታ ቅርጽ እንዳለ ወደ ነሐስ ተለውጦ ይታያል።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ከሥር በማይታይ ቦታ በመርፌ ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጫሩ። ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ወርቃማ ከወጣ ነሐስ ነው። ነጣ ያለ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ነው። ግራጫ ሆኖ በጣም ለስላሳ ከሆነና ወረቀት ላይ ሲጎተት መስመር ከተወ እርሳስ ነው። ነጭ ዱቄት ከወጣ ደግሞ ስስ መዳብ የለበሰ ጄሶ ይዛችኋል። ጭረት የሻጩን ንብረት መጉዳት ስለሆነ ሳይፈቀድላችሁ አታድርጉት።

ከሁሉም የሚያስተማምነው የውሃ ሚዛን ነው፤ ወጪውም አንድ የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ብቻ ነው። ምስሉን በደረቁ መዝኑ። ከዚያ ግማሽ ውሃ የያዘ ባልዲ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱ። ምስሉን በክር አስራችሁ ባልዲውን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሉት። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም ምስሉ የገፋው የውሃ መጠን ነው። የደረቁን ክብደት በዚህ ቁጥር አካፍሉ። ለምሳሌ በደረቁ 1,240 ግራም የሆነ ፈረስ ሚዛኑን በ141 ካነሳው ውጤቱ 8.8 ይሆናል፤ ነሐስ ነው። 640 ግራም ሆኖ በ90 ካነሳው 7.1 ነው፤ ዚንክ ነው። ፒውተር 7.3 አካባቢ፣ እርሳስ ከነቅይጡ ከ10.5 እስከ 11.3፣ አሉሚኒየም 2.7 ነው። ውጤቱ 2 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በፕላስቲክ ሙጫ የተለወሰ የነሐስ ዱቄት ነው፤ ሻጮች «ኮልድ ካስት ብሮንዝ» የሚሉት ይህ ሲሆን ከእውነተኛ ነሐስ ጋር የሚጋራው ቀለሙን ብቻ ነው።

ውስጡ ክፍት የሆነ ምስል አየር ከያዘ ቁጥሩ ስለሚወርድ ውሃ ውስጥ አገላብጣችሁ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። ቀለም የተቀባ፣ ሰዓት የተገጠመለት፣ የእንጨት መቆሚያ ያለው፣ ካስት አይረን ወይም ጄሶ የያዘ ነገር ፈጽሞ ውሃ ውስጥ አይግባ።

ዚንክና ፒውተር በቁጥር ስለሚቀራረቡ በጠባያቸው ለዩዋቸው። ፒውተር ይታጠፋል፣ ዚንክ ይሰበራል፤ የተሰበረውም ፊት እንደ ስኳር እህል ያብረቀርቃል።

ነሐስ፦ ትልቁ ገንዘብና ትልቁ ወጥመድ

የዚህ ዘርፍ ስም ፍሬድሪክ ሬሚንግተን ነው። ሥዕል ሲሥል ኖሮ በ1895 የመጀመሪያውን ሐውልት «ብሮንኮ በስተር»ን ሠራ፦ በኋላ እግሩ የቆመ ፈረስ ላይ ያለ ካውቦይ፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ። መጀመሪያ ያቀለጠለት ሄንሪ-ቦናርድ የተባለው የኒው ዮርክ ማቅለጫ ቤት በአሸዋ ፎርማ ይሠራ ነበር፤ በኋላ ሬሚንግተን ወደ ሌላ ማቅለጫ ቤት፣ ወደ ሮማን ብሮንዝ ወርክስ ተዛወረ፣ ይህም በሰም ፎርማ ይሠራ ነበር። የእኛ መስቀል ሠሪዎች ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው፦ ምስሉ በሰም ይበጃል፣ በሸክላ ይለበጣል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ብረቱ ቦታውን ይይዛል። ሬሚንግተን በዚህ ዘዴ እያንዳንዱን ሰም ከመቅለጡ በፊት በእጁ ስለሚነካካው ቅጂዎቹ እርስ በርስ ጥቂት ይለያያሉ። እሱ በ1909 ሞተ። ሌላው ትልቅ ስም ቻርልስ ራስል (1864–1926) የሞንታና ሰው ነበር፤ ከፊርማው ጎን የጎሽ ራስ ቅል ይስል ነበር።

በአርቲስቱ ዘመን የተቀለጡ ሥራዎች በሰንበት ገበያ አይገኙም ማለት ይቻላል። «ከሚንግ ስሩ ዘ ራይ» የተባለው የሬሚንግተን ባለ አራት ፈረሰኛ ሐውልት አንድ ቅጂ በ2017 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ገበያ ውስጥ የሚገኘው ግን የባለመብትነት ጊዜው ስላለፈ ማንም በሕግ ሊያባዛው የሚችለው የቅርብ ጊዜ ቅጂ ነው። ቅጂ መሆኑ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ እንደ ጥንቱ ሲሸጥ ነው። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

በአረንጓዴ ወይም በጥቁር እብነ በረድ ላይ የታሰረ ሬሚንግተን ካያችሁ ዘመናዊ ቅጂ ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ የእሱ ዘመን ሥራዎች ከምስሉ ጋር አብሮ የፈሰሰ የነሐስ መሬት አላቸው እንጂ እብነ በረድ አይቆሙም። «27/100» ዓይነት ክፍልፋይ ቁጥርም የኋላ ዘመን ልማድ ነው፤ የሮማን ብሮንዝ ቁጥር ከመሠረቱ ሥር የተቀረጸ ነጠላ ቁጥር ነው። የቀላጩ ስም ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ነገሩ ያበቃለታል።

ሁለተኛው ፈተና መለካት ነው። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ያህል ይኮማተራል። ከተጠናቀቀ ነሐስ ላይ ፎርማ ተወስዶ የተሠራ ቅጂ ስለዚህ ከወላጁ ያንሳል፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ ልዩነቱ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ቁመቱን ሳይሆን የመሠረቱን ርዝመትና ስፋት ለኩ፤ ቁመት የፈረሱ አቋቋም ጥቂት ቢቀየር ይለወጣል። ሙዚየሞች የእያንዳንዱን ሥራ ልክ በድረ ገጻቸው ያወጣሉ፣ ከዚያ ጋር አስተያዩት። ቅጂ ሲደጋገም ዝርዝሩም ይሟሟል፦ የፈረሱ ጥርስና የአፍንጫ ቀዳዳ፣ የካውቦዩ ጣቶች፣ የሱሪው ቆዳ እጥፋት። ጣቶቹ ተለያይተው መቆጠር ካቃታቸው ከቅጂ ላይ የተወሰደ ቅጂ ነው።

ጥሩ ዘመናዊ ቅጂ የጠረጴዛ መጠን ያለው ከ200 እስከ 800 ዶላር ድረስ ይሸጣል። ለቤት ጌጥ ይህ ደህና ግዢ ነው፤ ነሐሱ ነሐስ ነው፣ አይሰበርም፣ የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። «ኢንቨስትመንት» ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትስሙት። ለዘመናዊ ቅጂ ዋጋ የሚሰጡት ሁለት ነገሮች መጠኑና የአጨራረሱ ጥራት ናቸው። ብየዳ የተደረገባቸው መገጣጠሚያዎች (ክንድ፣ ጅራት፣ ጠመንጃ) በቀለም ከቀሪው ከተለዩ ወይም የሞረድ ጭረት ከቀረባቸው ዋጋውን አስቀንሱ።

ቀለም የተቀቡት የቪየና ትንንሽ ነሐሶች ለብቻቸው ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ኦስትሪያ ውስጥ የተሠሩ፣ ብዙዎቹ መዳፍ ላይ የሚቀመጡ፣ ሳይጋገር በተቀባ ቀለም ያጌጡ ናቸው። የፍራንዝ በርግማን ቤት በማሰሮ ቅርጽ ውስጥ «ቢ» ፊደል፣ አንዳንዴም ስሙን ገልብጦ «ናም ግሬብ» ይመታ ነበር። ካርል ካውባ የተባለው የቪየና ቀራጭ ደግሞ በካውቦይና በቀደምት አሜሪካውያን ምስሎቹ ይታወቃል፤ ስለሚፈለግም ስሙ በሐሰት በብዛት ይመታል። እዚህ የዋጋው ግማሽ ቀለሙ ነው። ማጉያ መነጽር ይዛችሁ ግንባር፣ አፍንጫና ጉልበት ላይ ተመልከቱ፤ የሰው እጅ የሚነካው ቦታ ሳስቶ ነሐሱ መታየት አለበት። እጥፋት ውስጥ የገባ ወፍራም ቀለም፣ በቀድሞ ጭረት ላይ የተቀባ ቀለም፣ በጨለማ በአልትራ ቫዮሌት መብራት ሲታይ ለብቻው የሚያበራ ቀለም በኋላ የተደረበ ነው። እውነተኛና ቀለሙ ያልተነካ ከሆነ ትንሽ መሆኑ አያታልላችሁ፤ በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል፣ ትልልቆቹ ሺህ ያልፋሉ።

ስፔልተር፦ በብዛት የምታገኙት ፈረስ

ኮርቻና የሰንሰለት ዛብ ያለው፣ መዳብ መሰል ቅብ የተቀባ፣ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የምዕራብ ፈረስ ካያችሁ ከዘጠና በመቶ በላይ እርግጠኛ ሆናችሁ ስፔልተር ነው ማለት ትችላላችሁ። በተለይ ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ በየመዝናኛ ትርኢቱ እንደ ሽልማት ሲታደል፣ በየመታሰቢያ ዕቃ ሱቁ ሲሸጥ ነበር። ዋንጫ ሠሪዎችም ለፈረስ ውድድር ተሸላሚዎች ይሠሩት ነበር፤ ከሥሩ «ዶጅ» የሚል የሎስ አንጀለስ ዋንጫ ሠሪ ምልክት ካለው ከተራው ይሻላል፣ የጡንቻው አሠራር የፈረስ ዕውቀት ያለው ሰው እጅ ያለበት ነው። የብሩክሊኑ ዩናይትድ የተባለው ሰዓት ሠሪም ከእንደዚህ ያሉ ፈረሶች ጎን የኤሌክትሪክ ሰዓት ይገጥም ነበር።

ተራው ፈረስ ከ20 እስከ 60 ዶላር ነው። የሚያስጨምረው፦ ሰንሰለቱ በሙሉ ኦሪጅናል ሆኖ መገኘቱ፣ የሚነሳ ኮርቻ ካለው አለመጥፋቱ፣ ቅቡ ከ80 በመቶ በላይ መኖሩ። ሰንሰለት በቀላሉ የሚተካ ስለሆነ አስተውሉ፤ ጌጣጌጥ ሱቅ የሚሸጠው አዲስ ሰንሰለት ያብረቀርቃል፣ አሮጌው ከፈረሱ ጋር አንድ ዓይነት ደብዛዛነት አለው፣ ጫፉም አፉ ላይ ባለ ቀዳዳ ወይም ፒን ውስጥ ይገባል እንጂ በሙጫ አይጣበቅም።

ትልቁ ችግር እግር ነው። ዚንክ ተሰባሪ ነው፣ ቅርፊቱም ስስ ነው፤ ፈረስ ሲወድቅ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይሰበራል። ጥገናው ከባድ የሆነው ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥና ገጹ በኦክሳይድ ስለሚሸፈን ነው፤ ልምድ የሌለው ሰው ከፍ ባለ ሙቀት ሲበይደው እግሩ በሙሉ ይፈሳል። ስለዚህ የምታገኙት ጥገና ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከላዩ የወርቅ ቀለም የተቀባ ኤፖክሲ (ጠንካራ ሙጫ) ነው። ጣታችሁን በእያንዳንዱ እግር ዙሪያ አዙሩ፤ ትንሽ እብጠት ወይም ቀለበት መሰል መስመር ከተሰማችሁ ተጠግኗል። የተጠገነ እግር ዋጋውን በግማሽ ይጥላል። ጥቃቅን ስንጥቆች በሸረሪት ድር መልክ በመላ አካሉ ከታዩና ገጹ ካበጠ ደግሞ አትንኩት። ቅይጡ ውስጥ የገባ ትንሽ እርሳስ ዚንኩን ከውስጥ እየበላው ነው፤ ይህ አይቆምም፣ አይታከምም።

ሰዓት ያለበትን ስትገዙ «ይሠራል ወይ?» ብላችሁ ሶኬት ላይ አትሰኩት። የ70 ዓመት የገመድ ሽፋን ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ገመዱን አይታችሁ፣ ለመቀየር የሚወጣውን ሒሳብ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ካስት አይረንና ለበስ ነሐስ፦ የመጽሐፍ መደገፊያዎች

እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ምስል ሁሉን ይሸፍናል፦ የደከመ ፈረስ ላይ አንገቱን ደፍቶ ጦሩን ወደ ታች ያዘቀዘቀ ተዋጊ። የጄምስ ኧርል ፍሬዘር «ኤንድ ኦፍ ዘ ትሬል» ነው፤ በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ትልቁ ቅጂ ከቆመ ጀምሮ በፖስታ ካርድ፣ በሥዕልና በመጽሐፍ መደገፊያ ተባዝቷል። የኤግዚቢሽኑ ትልቅ የጄሶ ሐውልት ዛሬ ኦክላሆማ ሲቲ በሚገኘው የካውቦይና የምዕራብ ቅርስ ሙዚየም አለ። አደንና ፈረስ ያለባቸው ሌሎችም አሉ፣ የሚፈተኑበት መንገድ ግን አንድ ነው።

አሮጌ ካስት አይረን ገጹ ልስልስ ነው፤ በጥሩ አሸዋ ስለተቀረጸ የጣት ቆዳ አይዝም። አዲሱ ሻካራ ነው፣ ጠርዙ በመፍጫ ማሽን የተላጠ ቀጥ ያለ ጭረት አለው። ሁለት ግማሾች ከተገጠሙ አሮጌው መስመሩ በምስማር ጫፍ እንኳ አይከፈትም፤ አዲሱ ላይ ክፍተቱ ብርሃን ያሳልፋል። ብሎኑን እዩ፦ በባለ መስቀል ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን ገበያ ላይ የወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ በ1920ዎቹ ተሠራ በተባለ ዕቃ ላይ ከተገኘ ወይ ተቀይሯል ወይ ዕቃው አዲስ ነው። አሮጌ ዝገት ጥቁር ቡናማ ሆኖ ከገጹ ጋር የተዋሐደ ነው፤ ብርቱካናማና በጣት የሚነሳ ዝገት የቅርብ ጊዜ ነው፣ አንዳንዴም ሆን ተብሎ ጨው ውሃ ተረጭቶበት የመጣ ነው።

ማግኔት የማይስበው፣ ነሐስ የሚመስለው፣ ግን ለመጠኑ የቀለለው መደገፊያ ለበስ ነሐስ ሊሆን ይችላል። በጄሶ ቅርጽ ላይ በኤሌክትሪክ ስስ የመዳብ ወይም የነሐስ ሽፋን ተደርጎበታል፤ «አርመር ብሮንዝ» የሚለው ምልክት በዚህ ይታወቃል። ዝርዝሩ በጣም ያምራል። ማዕዘኑ ላይ ግን ከተቀደደ ነጩ ጄሶ ይታያል፣ እርጥበት ከገባም ያብጥና ሽፋኑን ይገነጥለዋል። ማዕዘኖቹ ደህና ከሆኑ ከካስት አይረኑ አስበልጣችሁ ልትከፍሉበት ትችላላችሁ።

መደገፊያ በጥንድ ይገዛል። ነጠላው የጥንዱን ግማሽ አያወጣም፤ ሩቡን ካወጣ ጥሩ ነው። ደህና አሮጌ የካስት አይረን ጥንድ ከ40 እስከ 120 ዶላር መካከል ይገኛል።

እርሳስ፦ የልጆች መጫወቻ የነበሩት

ሁለት ዓለም ነው። የእንግሊዙ መጫወቻ ሠሪ ብሪተንስ ከ1893 ጀምሮ ውስጡ ክፍት የሆነ የእርሳስ ምስል ማፍሰስ የጀመረ ሲሆን ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካውቦዮቹና ተዋጊዎቹ እጃቸው ትከሻ ላይ የሚንቀሳቀስ፣ ቀለማቸው ቀጭንና ጥንቁቅ ነው። እርሳስ መጠቀሙን በ1960ዎቹ አጋማሽ አቆመ። የአሜሪካዎቹ ባርክሌይና ማኖይል ግን ትልልቆች ናቸው፣ 80 ሚሊ ሜትር አካባቢ፤ በየአምስትና አሥር ሳንቲም ሱቁ በነጠላ ይሸጡ ስለነበር ቀለማቸው ፈጣን፣ አካላቸው ወፈር ያለ ነው። ባርክሌይ በኒው ጀርሲ ከ1924 ጀምሮ ሠርቷል፤ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በኋላ የሠራቸው ምስሎች የጋራ መቆሚያ የላቸውም፣ እያንዳንዱ እግር የራሱ ትንሽ ክብ መርገጫ አለው። ግሬይ አይረን የተባለው የፔንሲልቬኒያ ፋብሪካ ደግሞ ተመሳሳይ ምስሎችን ከካስት አይረን ሠራ፤ ማግኔት ወዲያው ይለየዋል።

የቱ ይሻላል? ለዝርዝርና ለታሪክ ብሪተንስ። ለመደርደሪያ ውበትና ለአነስተኛ ኪስ ባርክሌይ፤ ቀለሙ ደህና የሆነ ካውቦይ ከ10 እስከ 25 ዶላር ይገኛል። ብሪተንስ ነጠላው ሳይሆን ሙሉው ስብስብ ከነቀይ ሳጥኑ ሲሆን ነው ዋጋው የሚዘለው። ሳጥኑ ውስጥ ምስሎቹ የታሰሩበት ክር እንኳ ሳይቆረጥ ከተገኘ ሰብሳቢ ይፎካከርበታል።

ዋጋውን የሚወስነው የቀለም መጠን ነው። 95 በመቶ ቀለም ያለውና 70 በመቶ ያለው መካከል ዋጋው ወደ ግማሽ ቢወርድ አትደነቁ። እንደገና የተቀባ ደግሞ ከተላጠው ያንሳል፣ ይህን ብዙ ሰው አይቀበለውም፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ የተላጠው ቢያንስ ኦሪጅናል ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ፣ የባርኔጣ ጫፍ፣ የፈረስ ጅራትና ጆሮ ተሟልተው እንደሆነ ቁጠሩ። ቤት ውስጥ በሚሸጥ ፎርማ የተቀለጠ ቅጂ ድፍን ስለሆነ ይከብዳል፣ ከሥሩም ክፍት ቀዳዳ የለውም።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ነጭ ወይም ግራጫ ዱቄት ያለበትን እርሳስ አትግዙ። ከኦክ እንጨት፣ ከካርቶንና ከአንዳንድ ሙጫዎች የሚወጣ የኮምጣጤ ጭስ እርሳሱን ወደ እርሳስ ካርቦኔት ይለውጠዋል፤ የጠፋው ዝርዝር አይመለስም፣ ዱቄቱም መርዝ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት እርሳስ በተቆለፈ መስታወት ውስጥ ይቀመጥ፣ የነካ ሰው እጁን ይታጠብ፣ ማንም በብርጭቆ ወረቀት አይፋቀው።

ፒውተር

ባብዛኛው ከ1970ዎቹ ወዲህ ለሰብሳቢ ተብሎ ቁጥር ተሰጥቶት የተሠራ ነው። ከሠሪዎቹ የማሳቹሴትሱ ቺልማርክ በዝርዝሩ ይበልጣል፤ ሌላው ሠሪ ፍራንክሊን ሚንት በብዛት ያመርት ስለነበር ሥራው ዛሬም በብዛት አለ። ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲወጡ ከተሸጡበት ዋጋ በታች ዛሬ ይገኛሉ፤ ይህ ለሻጭ መርዶ፣ ለገዢ ዕድል ነው። 7 ቁጥር ከ700 ቁጥር የሚበልጥ ዋጋ የለውም። የሚያስጨምረው ሳጥኑና የምስክር ወረቀቱ ነው። ጠመንጃና ዛብ ቀጥ ማለቱን እዩ፤ አንዴ የታጠፈ ፒውተር ቀስ ብሎ ይቃናል፣ ሁለተኛ ሲታጠፍ ይበጠሳል፤ ከ250 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ሊፈስ ስለሚችል በተራ የሊድ መበየጃ አይሞከርም።

የቱን ልግዛ?

100 ዶላር ይዞ ቤቱን ማስዋብ የሚፈልግ ሰው ሙሉ የሆነ የስፔልተር ፈረስ ወይም የካስት አይረን ጥንድ ይግዛ። በዚሁ ገንዘብ ዝርዝር ቅርጻ ቅርጽ የሚወድ ግን ቺልማርክ ፒውተር ይሻለዋል፣ በዚህ ዋጋ ያን ያህል ሥራ የሚሰጥ ሌላ የለም። ቀስ በቀስ መሰብሰብ ለሚፈልግ ባርክሌይ፤ ዋጋው ስለሚቻል ስሕተቱም ርካሽ ነው። ከ500 ዶላር በላይ ያለው ሰው ከዘመናዊ ሬሚንግተን ቅጂ ይልቅ አንድ ጥሩ የቪየና ነሐስ ቢገዛ ገንዘቡን የመመለስ ዕድሉ ይበልጣል፤ ትልቅ ነገር ሳሎን ላይ ማየት ከፈለገ ግን ቅጂውን አውቆ ይግዛ። እውነተኛ የአርቲስቱ ዘመን ሥራ ነው የተባለ ነገር ከቀረበላችሁ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ወረቀት ሳታዩና በዘርፉ የሚሠራ ገምጋሚ ሳያየው አንድ ዶላር አትክፈሉ።

ዋጋ ስትፈትሹ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠውን እዩ። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ክፈቱና በመጠን፣ በማዕድንና በሁኔታ የሚቀራረቡ ቢያንስ አምስት አግኙ፤ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ጣሉ፣ የቀሩትን አማክሉ። ጨረታ ቤት ከሆነ የገዢ ክፍያ አለ፣ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ፤ በ400 ዶላር ያሸነፋችሁት 500 ሊደርስ ይችላል። የመላኪያ ሒሳብም ከባድ ነው፦ እብነ በረድ ያለው ትልቅ ነሐስ ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ላኪው ምስሉንና እብነ በረዱን ፈትቶ ለየብቻ እንዲያሽግ ጠይቁ፤ አብረው ከተላኩ ሳጥኑ ሲወድቅ ክብደቱ ብሎኑ ላይ ያርፍና እብነ በረዱ ለሁለት ይከፈላል።

ከገዛችሁ በኋላ

ቤታችን ነሐስ በሎሚና በአመድ ተፈትጎ እንዲያበራ ማድረግ የለመድነው ነው። እዚህ አታድርጉት። ቡናማው ገጽ በቀላጩ እጅ በሙቀትና በኬሚካል የተሰጠ ቀለም ነው፤ ሎሚ በደቂቃ ያነሳዋል፣ የሺህ ዶላር ነሐስም ያን ጊዜ በመቶዎች ይወርዳል። ስፔልተር ላይ ደግሞ አሲድ ቅቡን አልፎ ዚንኩን ይበላል። ለነሐስ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያ ስስ ሚክሮክሪስታሊን ሰም (ለብረት ገጽ መከላከያ የሚቀባ ሰም) በቂ ነው። ካስት አይረን ይድረቅለት፣ ሰም ይቀባ። ለቪየና ነሐስና ለእርሳስ ብሩሽ ብቻ፣ ውሃም ሰምም አይንካው። እርሳስንና ፒውተርን በብረት ወይም በመስታወት መደርደሪያ አስቀምጡ፤ የእንጨት ቁም ሣጥን ውስጥ ከሆነ ግን አየር ይግባበት።

በገዛችሁበት ቀን የሥሩን፣ የምልክቱንና የእያንዳንዱን ጉዳት ፎቶ አንሱ፤ ክብደቱን፣ የመሠረቱን ልክ፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ ጻፉ። ማስታወሻውን ምስሉ ሥር በፕላስተር አትለጥፉት፤ ሙጫው ቅቡን ይዞት ይነሳል። በፖስታ አድርጋችሁ ከደረሰኙ ጋር ለብቻው አስቀምጡት።